የሚያፏጨው ኪስ

ሬሳው ያፏጭ ነበር።

ኢንስፔክተር ማርቫ ሆስፔዳሌስ በፖሊስነት ዕድሜዋ ያላየችው የሬሳ ዓይነት የለም። ያበጠ አይታለች፣ የከሰለ አይታለች፣ አንዴም ሚስቱ «ይቅርታ ሳይጠይቀኝ አልቀብረውም» ብላ ወንበር ላይ ያቆየችው ባል አጋጥሟታል። የሚያፏጭ ግን ይኼ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጆሮ ሥር እንደምትዞር ቢምቢ። የሚወጣውም ከሟቹ ሸሚዝ የደረት ኪስ ነው።

የኳሪ ኮከቦች የብረት ከበሮ ባንድ ግቢ ላቨንቲል ኮረብታ ላይ ስለተሠራ ከላይ እስከ ታች ቁልቁለት ነው። ትልልቆቹን የባስ ፓኖች፣ ከበርሜል የተቆረጡትን የዜማ ከበሮዎች፣ የተሸከመው ባለ ብረት መንኮራኩር ጋሪ ሁልጊዜ ከላይ፣ ድንጋይ ታኮ ተደርጎለት ይቆማል። የዛን ዕለት አመሻሽ ግን ጋሪው ታች ግንቡ ጋ ነበር። በጋሪውና በግንቡ መካከል ደግሞ የባንዱ የፊት መስመር ዜማ መቺ፣ የሃያ ስድስት ዓመቱ ሸርላንድ ኩፒዶር ነበር። ሲጫወትበት የነበረው ፓን ከሥሩ ተጨፍልቆ እንደ ሰሃን ተጠፍጥፏል።

የፓኖቹን ድምፅ በመዶሻ የሚያስተካክለው የባንዱ ቃኚ ኬስተር ጆፊልድ ሟቹን አቅፎ፣ ጉንጩን ደረቱ ላይ አስደግፎ ይንሰቀሰቃል። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአንድ ሰሃን የበሉ ናቸው። ለማላቀቅ ሁለት ፖሊስ አስፈለገ።

ማርቫ ኪሱን ፈትሻ አንዲት ትንሽ ሳጥን አወጣች። ውስጧ ሁለት የጆሮ መስሚያ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ተኝተው ያፏጫሉ።

የባንዱ አለቃ ካፒቴን ኳሚና አንገቱን አሰገገ። «ምንድን ነው የያዙት?»

«ሲያፏጭ አይሰማዎትም?»

«እኔ? ሠላሳ ዓመት ብረት መቺዎቹ ፊት ቆሜ? ሚስቴን እንኳ የምሰማት ስትቆጣ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ከፊቷ ነው የማነበው።»

ካፒቴኑ ከሰዓቱን ሙሉ ከተማ፣ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከሌሎች አለቆች ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ ነው የመጣው። ነገሩ ለእሱ ያለቀለት ነበር። ልጁ ደንቆሮ ነው፤ ጆሮውን አውልቆ ኪሱ ከትቷል፤ ታኮው ተንሸራቷል፤ ጋሪው ሲመጣ አልሰማም። በዚያው እስትንፋስ አዋጅ አወጀ። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው ግቢውን አይረግጥም፤ ወጣቶቹን የምትመረምረው ያቺ ጆሮ መርማሪም ከነማሽኗ ደጃፍ ትቅር። ከኋላ ከቆሙት ወጣቶች አንዳንዶቹ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉ። ማርቫ አየቻቸው።

የሟቹ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ታንቲ፣ አክስቴ፣ የሚላት ኢውላ የደረሰችው ልጇ በአንሶላ ከተሸፈነ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ በየተራ «ጆሮው ነው የገደለው» እያለ ያጽናናታል። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ማርቫን በክንዷ ይዛ ወደ ዳር ወሰደቻት።

«ልጄ በዚያ መስሚያ የወፍ ድምፅ ከሰማ ወዲህ ሳያደርገው ከቤት ወጥቶ አያውቅም» አለች። «‹ማሚ፣ ለካ መጥበሻሽ ይናገራል› ብሎኛል። በደንቆሮነቱ ሞተ የሚለውን ቃል መቃብሩ ላይ አላስቀምጥም። አንቺም ሴት ነሽ። እውነቱን ሳታመጪልኝ አልቀብረውም።»

*

ኢንድራ ሶክራም ጆሮ መርማሪ ናት። ባለፈው የዝናብ ወቅት ማሽኗን ይዛ ወደ ግቢው የመጣችው ወጣት ተጫዋቾችን ለመመርመር ነበር። ጆሮ የሚሞተው በሽምግልና ሳይሆን በጉርምስና ነው፤ ቀብሩ ነው በሽምግልና የሚውለው፤ ይኼ አባባሏ ነበር። ግቢው ሳቀባት። ቀድሞ የተመረመረው ሸርላንድ ሲሆን፣ መሣሪያውን አድርጎ ሲመጣ ስም አወጡለት። «ሬዲዮ» አሉት። «ሬዲዮ፣ ዛሬ ዜናው ምን ይላል?» እሱ ሳቀና ዜና አነበበላቸው። የደበረው ያለ እንደሆን የአየር ሁኔታም ይጨምር ነበር። ከሱ ወዲያ ሌሎችም ተደብቀው መምጣት ጀመሩ።

ኢንድራ ሳጥኗን ተቀብላ የመሣሪያዎቹን የባትሪ ክዳን ብድግ ስታደርግ ፉጨቱ ቀጥ አለ።

«ባትሪው ሳይከፈት ሳጥን ውስጥ ከገባ ድምፁ ራሱ ላይ እየተመለሰ ይጮሃል» አለች። «ለሁሉም የማስተምረው የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ሸርላንድ ሳይከፍት አስቀምጦ አያውቅም።»

«ቢረሳስ? ሲያወልቀው እኮ ለሱም ፉጨቱ አይሰማውም።»

«እውነት ነው» አለች ኢንድራ፤ አንዱን መሣሪያ ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገችው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፉ መሐል መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አለችው። ውጪው ተወልውሎ ንጹሕ ነው። ቀዳዳዋ ውስጥ ግን ቡናማ ነገር ደርቋል። በስፒል ቆፈር አድርጋ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈችው።

ሁለቱ ሴቶች ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ጆሮው ውስጥ እያለ ነው ደም የገባበት» አለች ማርቫ።

«ከዚያ በኋላ የሆነ ሰው አወለቀው።»

«ወለወለው፣ ሳጥኑ ከተተው፣ ኪሱ አደረገለት።» ማርቫ ወረቀቱን አጠፈች። «ከግቢው እነማን ተመርምረዋል?»

«እሱን አልነግርሽም።»

«ያልተመረመሩትስ?»

ኢንድራ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ካልመጣ ሰው የተቀበልኩት ምስጢር የለም። አቀናባሪው አንሰልም ኖሬጋ ጊዜ የለኝም አለኝ። ተጫዋቿ ነኬሻ ቀጠሮ እየያዘች ትቀራለች። ኬስተር ደግሞ ‹የኔን ጆሮ ፓኑ ይመረምረዋል› ብሎኝ ሰዉን አሳቀው።»

ጋሪው ሲወርድ ግቢው ውስጥ የነበሩትም እነዚሁ ሦስቱ ነበሩ።

*

አንሰልም ኖሬጋ ነጭ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የተጠየቀው። ለኀዘን ያወለቀው አይመስልም፤ እንዳይቆሽሽበት ነው። ሸርላንድ በልምምድ መካከል እጁን አንሥቶ «ቀጫጭኖቹ ኖታዎች ጎምዝዘዋል፣ ቅኝታቸው ተበላሽቷል» ማለቱን እንደ ስድብ ቆጥሮታል።

«ጎምዝዘው ነበር?» አለችው ማርቫ።

አንሰልም ባርኔጣውን አገላበጠ። «የኔ ሙዚቃ አይጎመዝዝም።»

«የጠየቅሁህ ስለ ፓኑ ነው።»

«ፓኑን የሚቃኘው ኬስተር ነው። ኬስተር የቃኘውን ጎመዘዘ የሚል ጆሮ ካለ፣ ጆሮው ነው የሚጠየቀው።» ከዚያ ሳትጠይቀው ጨመረ። እሱ ዳሱ ሥር ፔላው የሚባለውን ዶሮ ያለበት ሩዝ እየበላ ነበር። ሸርላንድ ጠመኔ ይዞ ከፓን ፓን ሲዞር አይቶታል። ቆይቶም የሚንጎደጎድ ነገር ሰማ፤ በመንገዱ የጭነት መኪና ያለፈ መስሎት ሁለተኛ ሰሃን አነሣ።

«ሌላ ድምፅስ?»

«ሌላ ምንም። ፔላው ውስጥ አጥንት ነበር።»

ነኬሻ ግን ራሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የፊት መስመር ቦታዋን ሸርላንድ የወሰደባት እሷ ናት፤ ይህንንም እንዲነግሩባት አልጠበቀችም።

«ጠልቼው ነበር» አለች። «ብገድለው ኖሮ ግን ቦታዬን ሳይወስድ ነበር የምገድለው። ከወሰደ በኋላ ምን ያደርግልኛል?»

«የት ነበርሽ?»

«ቧንቧው ጋ፣ እጄን በናፍታ ስፈትግ።» ጥፍሮቿን ዘረጋች፤ ሥራቸው እስካሁን ጥቁር ነው። «ቀትር ላይ የዚያን የተረገመ ጋሪ መንኮራኩር ግራሶ ቀባሁት። ካፒቴን ከወጣ በኋላ ነው። ስንት ዓመት እንደሚታረድ አሳማ ሲጮህብን ኖረ፤ ከመድረክ በፊት ዝም ላሰኘው ብዬ።»

«መቀባትሽን ማን ያውቃል?»

«ማንም። እዚህ ግቢ ሴት የሠራችውን ሥራ የሚያየው ሲበላሽ ብቻ ነው።»

ማርቫ ስለ ጎመዘዙት ኖታዎች እሷንም ጠየቀቻት። እስካሁን ሳትጠየቅ ስትመልስ የነበረች ልጅ ዓይኗን ወደ ጥፍሮቿ መለሰች። «እኔ እንጃ» አለች።

ኬስተር የተገኘው መቃኛ ክፍሉ ውስጥ ነው። መዶሻዎቹ በየቁመታቸው ተሰቅለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በላቨንቲል ስሙ የሚነሣው በአክብሮት፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ማርቫ ስትገባ ወንበሩን አዞረና መስኮቱ ፊቷን በሚያበራበት በኩል አስቀመጣት።

ከሁሉም የተሟላ ምስክርነት የሰጠው እሱ ነው። በሩን ዘግቶ ይሠራ ነበር። ሸርላንድ ከታች ሲጫወት ይሰማዋል፤ ቅልጥፍ ያለ አጨዋወት።

«ድንገት መንኮራኩሩ ሲጮህ ሰማሁ» አለ፤ ዓይኑ ተሞላ። «ያንን ጩኸት ኮረብታው ሁሉ ያውቀዋል። ሮጥኩ። አልደረስኩም። ጀርባውን ሰጥቶ እንደቆመ ነው። ጆሮውን አውልቆት ነበር፣ ኢንስፔክተር። ያ ጩኸት እኔን ከዝግ በር ውስጥ አስወጥቶ እሱን አላስዞረውም።»

«ጆሮህ ጥሩ ነው» አለች ማርቫ።

«እንጀራዬ ነው።»

ከበሩ አጠገብ እርጥብ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር አለው። ማርቫ ስትወጣ ግቢውን ተዟዙራ አየች። ሌላው ፓን ሁሉ አቧራ ለብሷል። የፊት መስመሮቹ ብቻ ተወልውለው ያብለጨልጫሉ፤ አንድም የጠመኔ ምልክት የለባቸውም። የሟቹ ጣቶች ግን፣ ሐኪሙ እንደነገራት፣ እንደ አስተማሪ ጣት ነጭ ነበሩ።

ሾፌሯን ጠርታ ጋሪውን ወደ ላይ አስገፋችው፤ ከዚያም ታኮውን አንሥታ ለቀቀችው። ጋሪው ዝቅ ብሎ እየተንጎደጎደ ወረደና በተዘጋጀለት የአሸዋ ከረጢት ቆመ። አልጮኸም።

*

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ካፒቴን ኳሚና ቅዳሜ ውድድር እንዳለ፣ ሬሳም ቢሆን ይህንን ሊረዳ እንደሚገባ ተናገረ። ታንቲ ኢውላ ጥቁር ለብሳ ከዳር ተቀመጠች። ተጫዋቾቹ ከኋላ ቆሙ። ኢንድራ ማሽኗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ገመዱን ሰካች። ፊቷ ግን ያለ ፍላጎቷ ሰርግ እንደተጠራች ሴት ነው።

«ሟቹ ደንቆሮ ስለነበር ሞተ ብላችኋል» አለች ማርቫ። «እንግዲያው እዚህ ማን ምን እንደሚሰማ እንወቅ። ድምፅ የሰማ እጁን ያነሣል። መተያየት የለም። የማይፈልግ አሁኑኑ መውጣት ይችላል፤ ማንም አይከለክለውም።»

የወጣ የለም። በዚያ ግቢ ምርመራ ፈርቶ መውጣት ከመደንቆር ይብሳል።

«ኬስተር፣ የባንዱ ጆሮ አንተ ነህ። ከፊት ተቀመጥ።»

ኢንድራ ቁልፉን ነካች። ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ እጆች ተነሡ። ትንሽ ቀጠን አለ፤ ካፒቴኑ ሳቅ ብሎ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። እየቀጠነ ሲሄድ አንሰልም አንዴ ያነሣል፣ አንዴ ይተዋል። ነኬሻ ዓይኗን ጨፍና እየዘገየች ታነሣለች። የኬስተር እጅ ግን አንድም ጊዜ አልሳተም፤ ኢንድራ ጣቷን ቁልፉ ላይ ስታሳርፍ እጁ ወደ ላይ ነው። ከኋላ አንዱ «እንዲህ ነው ጆሮ» ሲል ተሰማ።

ከዚያ ከኬስተር በስተኋላ ያሉት እጆች መነሣት አቆሙ።

ኢንድራ ጣቷን አሳረፈች። ኬስተር አነሣ። ደግማ አሳረፈች። አነሣ። ሦስተኛው ላይም እጁ ሲነሣ ኢንድራ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መሬት አየች።

«አሁን ምን ሰማህ?» አለችው ማርቫ።

«ቀጭን ድምፅ። የመጨረሻው ደከም ያለ ነበር።»

ማርቫ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ገመድ አነሣች። ጫፉ ባዶ ነበር። «ከነቀልኩት ቆይቷል። ከኋላህ ያሉት ሁሉ አይተውኛል።»

ማርቫ ከቦርሳዋ የሸርላንድን ሳጥን አውጥታ የባትሪዎቹን ክዳን ገጠመችና ኬስተር ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኼስ? ያፏጫል ወይስ አያፏጭም?»

ሳጥኑን አየ። የኢንድራን ፊት አየ፤ እሷ አላየችውም። አንድ ጊዜ ተይዟልና ሁለተኛ እንዳይያዝ አሰበ። «አያፏጭም» አለ።

ሳጥኑ ያፏጭ ነበር። ታንቲ ኢውላ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ማርቫ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ለልጆች እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳች። መሣሪያው ቀዳዳ ውስጥ ደም አለ፤ ስለዚህ ሸርላንድ ሲመታ ጆሮው ላይ ነበር፤ ስለዚህ አልሰማም ለማሰኘት ያወለቀለት ሰው አለ። ያ ሰው ሳጥኑን ሲዘጋው ፉጨት ጀመረ። የሚሰማ ሰው ቢሆን ማስረጃው ኪስ ውስጥ ሆኖ እየጠራ ጥሎት አይሄድም። ኬስተር ግን ጉንጩን ኪሱ ላይ አስደግፎ ሲያለቅስ ነው የተገኘው፤ ፉጨቱ ጆሮው ሥር ሆኖ።

«ካፒቴንም አይሰማም» አለ አንሰልም።

«ካፒቴን ከተማ ነበር። ደግሞም ካፒቴን አልሰማም ይላል። የማይሰማ ሰው የሚያስቸግረው አልሰማሁም ሲል አይደለም። ሰማሁ ማለት ሲጀምር ነው። ኬስተር መንኮራኩሩ ሲጮህ ሰማሁ አለኝ። ያ መንኮራኩር ግን ቀትር ላይ ግራሶ ተቀብቷል። እዚያ ቅርብ የነበሩት ሰዎች ጩኸት አልሰሙም። ጋሪውን እኔም አውርጄዋለሁ፤ አይጮህም፤ መንጎድጎዱም ፓን ለሚመታ ሰው የመንገድ መኪና ነው የሚመስለው። ኬስተር የሰማው ድሮ ሲጮህ የሚያውቀውን ነው፤ ልክ አሁን ማሽኑ ሳይሰካ የኢንድራን ጣት አይቶ እንደሰማው።»

ከዚያ ወደ ጠመኔው ዞረች። የጎመዘዘ ኖታ ላይ በጠመኔ ክብ ተደርጎ ለቃኚ መተው የሁሉም ግቢ ልማድ ነው። ሸርላንድ ከፓን ፓን እየዞረ ምልክት አድርጓል። ከሞተ በኋላ ምልክቶቹ ተወልውለው ጠፍተዋል፤ ጨርቁም መቃኛ ክፍል ተሰቅሏል። ምልክቶቹ ቢቆዩ የሚያሳፍሩት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኬስተር ሳጥኑን እንደያዘ ነው። ሲናገር ድምፁ ከልክ በላይ ከፍ ያለ ነበር።

«አብረን ወደ ኢንድራ እንሂድ አለኝ። ምን አለበት፣ እኔም ሄጄ የለ አለኝ። እሱ ተጫዋች ነው። ደንቆሮ ቃኚ ግን ምን ይባላል? እሱን ‹ሬዲዮ› ብላችሁ ስትስቁ አይቻለሁ። እኔን ምን ልትሉኝ ነበር?» ወደ ታንቲ ኢውላ ዞረ። «ላስደነግጠው ነበር፣ ታንቲ። ጋሪው ይጮሃል፤ እሱ ደግሞ ጆሮውን አድርጓል። ሰምቶ ይዘላል ብዬ ነው። ሲጮህ... ሲጮህ ነው የመሰለኝ።»

ነኬሻ ሁለቱን እጆቿን ከጉያዋ ሸሸገች።

«ሳይዘል ሲቀር በስሙ ጠራኸው?» አለች ማርቫ።

ኬስተር ሳጥኑን ጨበጥ አደረገ።

«ከላይ እስከ ታች ሲወርድ ታየው ነበር። ጋሪው ባይጮህ አንተ መጮህ ትችል ነበር። ድምፅህ አልጠፋ።»

ኬስተር ቃሉን ከአፏ አነበበ። ከዚያ እጆቹን ለካቴናው ራሱ ዘረጋ።

ሲወስዱት ካፒቴን ኳሚና ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ከባድ ነው፣ ይገባኛል። ግን ቅዳሜ ውድድር ነው። ማነው የሚቃኝልን?»

ማርቫ መለስ ብላ አየችው። ከኪሷ ጠመኔ አወጣችና ለነኬሻ ሰጠቻት። «ሸርላንድ ምልክት ያደረገባቸውን አሳዪኝ።»

«እኔ በምን አውቄ?»

«ታውቂያለሽ።»

ነኬሻ ወደ ፊት መስመሩ ሄደች። ዱላዋን አንሥታ በፓኑ መሐል ያሉትን ትንንሾቹን ኖታዎች አንድ በአንድ መታች። አንዱ ላይ ቆመች፤ በጠመኔ ከበበችው። ሌላውንም። «ከአምና ጀምሮ ነው» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «የኔ ጆሮ የተበላሸ መስሎኝ ነው። ኬስተር የቃኘውን... ማን ይጠይቃል? ለዚህ ነው ምርመራውን የፈራሁት።»

አንሰልም ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሣ። ጠመኔውን ቆርሶ በሚቀጥለው ፓን ላይ ምልክት አደረገ፤ ማንንም አላየም። ከኋላ የቆሙት ወጣቶችም እየመጡ፣ ጠመኔዋ እስክታልቅ እየቆራረሱ፣ በየፓናቸው ላይ ክብ አደረጉ። ግቢው ሁሉ ጎምዝዞ ሲሰማ ኖሯል። እያንዳንዱ የተበላሸው የኔ ጆሮ ነው ብሎ፣ እንዳይሳቅበት፣ ዝም ብሎ ተጫውቷል። አምና ሲሸነፉም ዳኞቹን ጉቦኛ ብለው ሰድበው ነበር።

ሲጨርሱ ክቦቹ በየፓኑ እነዚያው ኖታዎች ላይ አርፈው ነበር።

ታንቲ ኢውላ ተነሥታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፓን በዝግታ አለፈች፤ የልጇን ጽሑፍ እንደምታነብ ሁሉ። ማርቫ ከኬስተር እጅ መልሳ የያዘቻትን ሳጥን ተቀበለች፤ ክዳኑን ከፍታ፣ ልጇ እንዳሳያት ባትሪዎቹን አላቀቀች። ፉጨቱ ቆመ።

«ሁላችሁም ትሰሙ ነበር» አለች። «ታዲያ ለመናገር የእኔን ልጅ ብቻውን ለምን አስቀደማችሁት?»